የመርከበኛዋ ዋስ

«ባሕር ላይ ብትሞትስ የት ነው የምንቀብራት?»

ጋሽ ገብረ መድህን ይህን የጠየቁት እሑድ ከሰዓት፣ የእድሩ ስብሰባ አልቆ ሰው ገና ከአግዳሚው ሳይነሣ ነው። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው። እታገኘሁ ታናሽ እህታቸው ናት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ወንድሟም መልስ አልጠበቁም። «አየሽ!» አሉና ባርኔጣቸውን አነሡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእታገኘሁ አንድ ልጅ ሀሴት አዳማ ሜካኒካል ምህንድስና ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሥራ የለም። በመከር ወራት ከኮምባይነሮች ጋር በሲሬና በጎበሳ እርሻዎች እየዞረች ሞተር ትጠግናለች፤ አጨዳው ሲያልቅ እሷም ቤት መዋል ነው። በቅርቡ ግን የንግድ መርከብ መሐንዲሶች የሚያሠለጥን ተቋም ፈተና አወጣ። ሠልጥኖ የጨረሰ በውጭ አገር የጭነት መርከቦች ላይ ይቀጠራል። ከአሰላ ሦስት ሰዎች አለፉ፤ ሁለት ወንዶችና ሀሴት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የጤና ምርመራና ዋስ ነው። ሀሴት ምርመራውን ጨርሳለች። ሥልጠናውን ጥላ ብትጠፋ ወጪውን የሚተካ ዋስ ግን እስከ ሐሙስ ማቅረብ አለባት።

በዚያ ቤት ደግሞ ዋስ ማለት ጋሼ ናቸው። ውል ካለ እሳቸው ይፈርማሉ። ለሀሴትም ለእናቷም ሌላ ሰው በሐሳባቸው አልመጣም።

«እንቢ አሉ አይደል?» አለች ሀሴት እናቷ ስትገባ።

«የት ነው የምንቀብራት አሉ።»

«ውይ እማዬ! እኔ የጠየቅኋቸው ሥራ፤ መቃብር ማን ጠየቃቸው?»

«አንቺ ደግሞ ዋና እንኳ አትችዪ!»

«እዚያ ያስተምራሉ። ደግሞ እኔ የምውለው ታች ሞተሩ ጋ ነው። መርከብ ማለት በቃ ትልቅ ኮምባይነር ነው።»

«ኮምባይነርማ ቢበላሽ ወርደሽ በእግርሽ ትመጫለሽ።»

ሀሴት ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቋረጠ፤ የዋስትናውን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች።

እታገኘሁ ከሥራ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። መምህሯ ሩዋይዳ ገና ልጅ እግር ናት፤ «ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ፣ የሳሙና ካርቶንም ቢሆን» ትላቸዋለች። እናም እታገኘሁ ቅጹን ሳበችና ጣቷን ከመስመሩ ሥር አደረገች። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች አንድ ዐረፍተ ነገር ሞላላት፦ ዋስ የሚሆነው ሰው ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት።

ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመችው። አልተሳሳተችም።

ወንድሟ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ግን እሷም በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ቋሚ ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ይህን ልጇ ታውቃለች፣ ወንድሟ ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች። ዋስ ትሆናለች ብሎ ግን ማንም አላሰበም።

ቅጹን ወደነበረበት መለሰችና ዝም አለች።

ሰኞም ዝም። ማክሰኞም ዝም። ውሸት አልተናገርኩ፣ ምን አጠፋሁ አለች ለራሷ፣ ኮሪደሩን እየወለወለች። ሐሙስ ያልፋል፤ ልጄ ትቀራለች። መሬት ላይ ትኖራለች፣ መሬት ላይ ትወልዳለች።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ገብረ መድህን ፊታቸው እየበራ መጡ። ጎበሳ ያለ ወዳጃቸው ለእህል መጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ይፈልጋል።

«የታመነ ሰው ነው። ወንድ ልጅም አለው፣ ያላገባ» አሉ። ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ። «ልብሽን መች አጣሁት? አንቺም የፈለግሽው ይሄንኑ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። እታገኘሁን ያንገበገባት ይኸው እውነት መሆኑ ነው።

ሀሴት የሞተር ግራሶ ከጥፍሯ ሥር በእንጨት እየፋቀች ነበር። ቀና ሳትል «እሺ» አለች።

ሀሴት ከተወለደች ጀምሮ ሳትከራከር እሺ ብላ አታውቅም። ያቺ እሺ እታገኘሁን ከባሕሩ አብልጣ አስፈራቻት። ቅጹን ከጠረጴዛው አንሥታ በጋውኗ ኪስ ከተተችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

መጥረጊያውን ግን አላነሣችም። በቀጥታ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ገባች። የክፍሉ ሠራተኛ እንደሻው ወረቀት ይደረድር ነበር።

«ይህን የዋስትና ቅጽ ሙላልኝ። ለልጄ ነው፤ መርከበኛ ልትሆን ነው።»

«እትዬ እታገኘሁ፣ አሰላ ላይ የምን መርከብ? ባጃጅ ማለትዎ ነው?»

«ባጃጁን ላንተ ትታልሃለች። ጻፍ።»

እንደሻው ፋይሏን ገልጦ ራሱን ነቀነቀ። «እርስዎ ደሞዝ የሚፈርሙት በአሻራ ነው። ዋስ አንብቦ ነው የሚፈርመው። ጋሽ ገብረ መድህን ይምጡና ያንብቡልዎት» ብሎ ስልኩን አነሣ።

«ደውል። እስኪመጡ አነባለሁ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያን ወንበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወልውላዋለች፤ ተቀምጣበት አታውቅም። ቅጹን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። በሩ ላይ ሰው ተሰለፈ።

«ምነው፣ እዚሁ ልናድር ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«ተራዬ ነው!» አለች ሳትዞር።

ከኋላ አንዲት የገጠር ሴት «ጀባዱ! በርቺ!» ብላ አበረታታቻት። አንድ ቃል ላይ ስትደናቀፍ እንደሻው ሊያግዛት ወረቀቱን ሳብ አደረገ፤ በመዳፏ ያዘችው። «ተው! ራሴ እደርስበታለሁ።» ደረሰችበትም።

ልትጨርስ ሁለት መስመር ሲቀራት ጋሽ ገብረ መድህን እያለከለኩ ገቡ።

«አብደሻል? ነገ ልጅቷ ብትጠፋ ደሞዝሽን ነው የሚቆርጡት!»

«ደሞዙ የኔ ነው፣ ጋሼ።»

«ባሕሩስ? እኔ ለሷ ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። እኔም እፈራዋለሁ። ግን ልጄ አልሞተችም። የለቅሶ ድንኳንዎን መጋዘን ይመልሱት።»

ከተሰለፉት መሀል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ጋሽ ገብረ መድህን ግራ ቀኝ አዩና ከተሰለፉት ኋላ ሄደው ቆሙ።

እታገኘሁ የቀሩትን ሁለት መስመሮች ሳትቸኩል አነበበች። ከዚያ ስሟን ጻፈች። «ኘ» ጎበጠችባት፤ አላስተካከለቻትም።

«አሻራም ይጨመርበት» አለ እንደሻው፣ የቀለሙን ሣጥን እየገፋ።

«አይጨመርም። ማኅተምህን ምታ።»

መታ።

ቤት ስትደርስ ሀሴት ወረቀቱን አየች፣ ፊርማውን አየች። «ያንቺ ነው?» አለች።

«የማን ይሆናል? ዕቃሽን አዘጋጂ። ደግሞ መርከቡ ጫፍ ላይ እንዳትቆሚ!»

ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ሸኘቻት። ጋሽ ገብረ መድህን አልመጡም። እታገኘሁ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ አላለቀሰችም፤ ከታጠፈ በኋላ ግን እስኪበቃት አለቀሰች።

ከሦስቱ የአሰላ ልጆች አንደኛው ቀለም መለየት አቅቶት በዓይን ምርመራ ወደቀ። ሁለተኛው ዋስ አጣ። ሁለቱ ወንዶች ቀሩ፤ ሀሴት ሄደች።