ለስግድ የታጠበችው መኪና

መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ ቀጥ ስትል ልቅናሽ መሪውን በመዳፏ መታ አድርጋ፣ "ዛሬን ብትታገሺኝ ምን ነበረበት?" አለቻት። ከኋላዋ አንድ አውቶቡስና ሦስት መኪኖች በአንድ ላይ ጡሩንባቸውን ለቀቁት። የኢየሩሳሌም የነቢያት መንገድ በዚያ ሰዓት የቆመ መኪና ቀርቶ የቆመ ሰውም አይታገሥም። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዝም አለ። ከመሪው ፊት ለፊት ያለችው ብርቱካንማ የሞተር መብራት ቦግ እልም ትላለች።

ልቅናሽ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ባለ ክሊኒክ ከንጋት ጀምሮ ወለል ስታጸዳ ቆይታ ወደ ቤቷ ወደ ቂርያት መናሔም መመለሷ ነበር። መንጃ ፈቃድ ያገኘችው በአምስተኛው ፈተና ነው። አራት ጊዜ ስትወድቅ ልጆቿ፣ "እማዬ፣ አውቶቡስ አለልሽ አይደል?" ብለዋት ነበር፤ "አውቶቡስ የሰው ነው" ብላ ለአምስተኛ ጊዜ ተፈተነች። ፊደል በቅጡ ሳትቆጥር፣ የመንገዱን ምልክት ሁሉ እንደ ጎረቤት ፊት አንድ በአንድ ለይታ ያዘችው። ይህችን ሰባት ሰው የምትይዝ ሰማያዊ መኪና ስትገዛም ያሰበችው አንድ ነገር ነበር፤ የአባቷ ተሽከርካሪ ወንበር ከኋላ ታጥፎ እንዲገባ።

ነገ ስግድ ነው፤ ቤተ እስራኤል ነጭ ለብሰው፣ ጾመው፣ ኮረብታ ላይ ወጥተው የሚጸልዩበት በዓል። አባቷ አባ ይታየው ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ እግራቸው እምቢ ብሏል። ነጭ ልብሳቸው ከታጠበ ሳምንት ሆኖታል። "ይህችን ስግድ ልድረስባት እንጂ የሚመጣውን እሱ ያውቃል" ይላሉ። እሷም አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ድረስ ወስጄ፣ ከቄሶቹ ፊት አቆምዎታለሁ ብላ ቃል ገብታለች።

"እህት ዓለም! ማርሹን ነጻ አድርጊው!"

ኢትዮጵያ ከሚባለው የጎን መንገድ አፍ ላይ ነጠላ ያጣፋ ሰው እየሮጠ መጣ።

"አድርጌዋለሁ!"

"ፍሬኑንስ ለቀሽዋል?"

"ለቅቄያለሁ! እንደማያውቅ ሰው አትጠይቀኝ!"

ሰውዬው እየሳቀ ትከሻውን ከኋላ ሰጣት። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ ሁለት ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ የየሺቫ፣ የኦሪት ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎችም መጽሐፋቸውን የአጥር ግንብ ላይ አኑረው አብረው ገፉ። መኪናዋን ወደ ኢትዮጵያ መንገድ አስገብተው ከግንቡ ጥግ አቆሟት። ተማሪዎቹ ምስጋናዋን እንኳ ሳይጠብቁ መጽሐፋቸውን አንሥተው ሄዱ።

"ጎንደሬ ነሽ አይደል? ከቁጣሽ ለየሁሽ" አለ ሰውዬው ላቡን እየጠረገ።

"ወገራ።"

"እኔ ደምቢያ ነኝ። ዲያቆን አጥናፉ እባላለሁ፤ እዚሁ ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ነው የማገለግለው።" መዳፉን አየት አደረገና ወደ መኪናዋ ጠቆመ። "በአገራችን ቢሆን እኮ፣ የኔ እጅ ነካት ብላችሁ ወንዝ ታወርዷት ነበር።"

ልቅናሽ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ሆነ። እውነቱን ነው። እናቷ ገበያ ውላ፣ ከክርስቲያን ጋር ተጋፍታ ስትመለስ ከነቀሚሷ ወንዝ ሳትገባ የቤቷን ደጃፍ አትረግጥም ነበር።

"አሁንማ ወንዙ የት ተገኝቶ" አለችው።

"እንግዲያው ወንዙን ተይውና ታልፒዮት ሂጂ። የቤተ ክርስቲያናችንን መኪና የሚያክሙበት ጋራዥ አለ። ኦሽራት የምትባል የእናንተው ልጅ አለችበት። ሞተር ስታይ እንደ ሐኪም ናት። ትንሽ ትረፍና አስነሺያት፤ እኔ እስክትነሺ እዚህ አለሁ።"

ግማሽ ሰዓት አብሯት ቆመ። መኪናዋ ተነሣች። አጥናፉ መንገዱ መሐል ገብቶ አውቶቡስ አስቁሞ አሳለፋት።

መኪናዋ እየተንፈራገጠች ታልፒዮት ደረሰች። ኦሽራት ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሹሩባዋን በጨርቅ አስራ፣ እስከ ክርኗ ቅባት ሆና ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ወጣች። ሞተር መጠገን የተማረችው ወታደር ሳለች ነው። አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

"ሻሎም ዶዳ! አንቺ ቁጭ በይ... እርስዎ ቁጭ ይበሉ።"

ልቅናሽ ዶዳ መባሏን ወደደችው፤ በዕብራይስጥ አክስት ማለት ነው። ቁጭ ግን አላለችም። ልጅቱ ከመሪው ሥር ካለች ጠባብ ቀዳዳ አንድ ገመድ ሰካች፤ በእጇ የያዘችው ትንሽ መሣሪያ በራና ጽሑፍ መዘርዘር ጀመረ።

"ምን ይላል?"

"መኪናዋ የሚያማትን ትጽፋለች፣ እኔ አነባለሁ። በየቦታው ሴንሰር አላት፤ እንደ እኛ ጣት፣ እንደ እኛ አፍንጫ። አየር የሚለካው ታሟል ይላል። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረውም ታሟል። ሦስተኛው ካንዴላ ላይ እሳት የሚልከውም ታሟል።" ግንባሯን ቋጠረች። "ሦስቱም በአንድ ቀን? አይገባኝም።"

ኮፈኑን ከፍታ ሁለት መርፌ ባለው መለኪያ አንድ በአንድ ፈተሸቻቸው። አንዱን ነቅላ በሌላ ቀየረችና እንደገና አነበበች። አንድ ሰዓት አለፈ። ልቅናሽ ከጀርባዋ ቆማ የልጅቱን ጣቶች ስትከተል ቆየች።

"ሦስቱም ጤነኛ ናቸው" አለች ኦሽራት። "መሣሪያው ግን ታመዋል ይላል።"

መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ወፍራም ባለ ጋራዥ መጥቶ አንገቱን ወደ ሞተሩ አስገባ። "ዋናው ኮምፒውተር ነው የሄደው" አለ በዕብራይስጥ። "ሁሉን የሚያዝዘው እሱ ነው፤ እሱ ሲበላሽ እንዲህ ይቀባጥራል። ከቴል አቪቭ እናስመጣለን። እሑድ ይደርሳል።"

"እሑድ?" አለች ልቅናሽ። "ስግድ ነገ ነው!"

"ጌቬሬት፣ እመቤቴ፣ እኔ ምን ላድርግ?"

ኦሽራት ወደ እሷ ዞረች። "ዶዳ፣ ከመታመሟ በፊት ምን ደረሰባት? ተጋጭታ ነበር? ሌላ ጋራዥ ከፍቷት ነበር? ውሃ ገብቶባታል?"

"ምንም አልደረሰባትም!"

"ማንም አልነካትም?"

"ማንም!"

ይህን ብላ ወደ ደጅ ወጣችና የተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ነዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐሥር ቀን በፊት ጎረቤታቸው ገረመው ሲሞት ሐዘንተኞቹን ወደ መቃብር የወሰደችው በዚች መኪና ነው። ሲመለሱ የመቃብሩን አፈር በጫማቸው ይዘው ገቡ። አባ ይታየው ይህን ሲሰሙ፣ "እኔ እግዚአብሔር ፊት የምቀርበው ከመቃብር በመጣች መኪና ነው? ውሃ ይንካትና እሄዳለሁ" አሉ። እሳቸው ያሉት ይህንኑ ብቻ ነው። የቀረውን የጨመረችው ራሷ ልቅናሽ ናት። ሰው ሲነጻ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ውሃ ውስጥ ይገባል። ታዲያ ኮፈኑ ተዘግቶ ከላይ ከላይ ብትረጭ እንዴት ነጻች ይባላል? ከሚኖሩበት ሕንጻ አትክልተኛ ኃይለኛ የውሃ መርጫ ተውሳ፣ ወንበሩን አወጣች፣ ምንጣፉን ዘረጋች፣ ኮፈኑን ገልጣ ሞተሩን ከላይም ከጎንም ከሥርም አጠጣችው። ይህ ሰኞ ዕለት ነበር። ማክሰኞ መብራቷ በራች።

አሁን ይህን በዚያ ወፍራም ሰውዬ ፊት ትናገረው? ያቺ ከዚህ አገር በቀር የማታውቅ ልጅ በሳቅ ትሞታለች። በአምስተኛው ፈተና ያለፈችው ሴትዮ ሞተር አስጠመቀች ይባልላታል።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

"ልቅናሽ፣ ነጩ መታጠቂያዬ የት ነው ያለው?"

"ምን ሊያደርግልዎት ነው አባዬ? ስግድ እኮ ነገ ነው።"

"አውቃለሁ። ለብሼው ላየው ብዬ ነው። ወንበሬን ደጃፉ ላይ አስጠግቼዋለሁ፣ ጠዋት እንዳላስቸግርሽ።"

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ብድግ ብላ ገባች፤ ኦሽራትን በእጅጌዋ ይዛ ከመኪናው ጀርባ ወሰደቻትና፣ ዓይኗን ጎማው ላይ ተክላ ሁሉንም ነገረቻት። መቃብሩን፣ አፈሩን፣ የውሃ መርጫውን።

ኦሽራት አልሳቀችም።

"አያቴም ከለቅሶ ስትመጣ ከነልብሷ ሻወር ትገባ ነበር" አለች። "ትንሽ ሳለሁ እብደት ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን እናቴ ናት በኋላ የነገረችኝ።" ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ጠየቀች፣ "የት የት ነው ያጠቡት?"

"ውሃ ያልነካው ቦታ እንዳይኖር ነበር ያሰብኩት።"

"ተሳክቶልዎታል!"

አሁን ሁለቱም ሳቁ። ባለ ጋራዡ ከሩቅ ዞሮ አያቸው።

ኦሽራት ባትሪውን ፈትታ አወጣች። ከሥሩ፣ ዓይን የማያየው ቦታ፣ ወፍራም የሽቦ ነዶ የሚገጣጠምበት ጥቁር መሰኪያ ነበር። የአየር መለኪያው ሽቦ፣ የዙር ቆጣሪው ሽቦ፣ የእሳት ላኪው ሽቦ ሁሉም በዚያ ያልፋሉ። ፈልቅቃ ስትከፍተው ውሃ በጣቷ ላይ ፈሰሰ። ከውስጥ የመዳብ ጥርሶቹ አረንጓዴ ዝገት መያዝ ጀምረዋል።

ልቅናሽ አየችና ገባት። ወገራ ሳሉ ሦስት ቤት በአንድ ሳምንት ቢታመም፣ ሰው የሚጠይቀው የሚቀዱት ከየትኛው ምንጭ ነው ብሎ ነበር።

ልጅቱ በአየር ግፊት ነፋችው፣ በትንሽ ብሩሽ አጸዳችው፣ መድረቂያ ረጨችበት፣ ጥርሶቹን ቅባት ቀባችና ገጠመችው። ከዚያ የመሣሪያውን የሕመም ዝርዝር አጠፋች።

"እርስዎ ያስነሱ።"

ልቅናሽ ቁልፉን አዞረች። መብራቶቹ ሁሉ በሩ፣ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ብርቱካንማዋም ጥቂት ቆይታ ጠፋች። ሞተሩ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ እኩል እኩል ይተነፍሳል። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ በየትራፊክ መብራቱ ቆሙ፣ ተነሡ። አንዴም አልጠፋችባቸውም።

"መሣሪያው የት እንደሚያማት ብቻ ነው የሚነግረኝ" አለች ኦሽራት ሲመለሱ። "ለምን እንደሆነ ከባለቤቱ ነው የምሰማው። ዶዳ፣ ቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ምሳዬን በልቼ ነበር።"

ባለ ጋራዡ እጁን አወናጭፎ የመፈተሻውን ዋጋ ብቻ ተቀበለ። ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር ዳግመኛ አላነሣም።

ልቅናሽ ማመስገን አታውቅበትም። አፏ ለክርክር ሲሆን ይፈጥናል፣ ለምስጋና ሲሆን ይታሰራል። ቁልፏን በእጇ እያገላበጠች ቆየችና የልጅቱን እጅ ድንገት ስባ ሳመችው።

"ኧረ ዶዳ! ቅባት ነው!"

"ይሁን" አለች። ቅባት የነካ ከንፈሯን ሳትጠርግ ቤቷ ደረሰች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀድታ ከሕንጻው መግቢያ አኖረች። ለምን እንደ ቀዳችው ራሷም በቅጡ አላወቀችውም፤ እጇ ነው የቀዳው። አባ ይታየው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ መታጠቂያቸውን አጥብቀው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት።

"ከታጠበች ወዲህ የነካት አለ?"

"ማንም" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ትናንት ይኸው ቃል ጊዜ በልቶባታል፤ ስግዱንም ሊበላባት ነበር። ዋጠችው።

"ብዙ ሰው ነክቷታል፣ አባዬ። መንገድ ላይ ቆማብኝ አንድ የደብረ ገነት ዲያቆን በትከሻው ገፋልኝ። ሁለት የየሺቫ ልጆች ገፉልኝ። አንዲት ልጅ ደግሞ እስከ ክርኗ መኪናዋ ሆድ ውስጥ ገብታ ያጠጣሁትን ውሃ አወጣችልኝ። እነሱ ባይነኳት ዛሬ እዚህ አትቆምም ነበር።"

አባ ይታየው ዓይናቸውን ወደ ባልዲው መለሱ።

"ዲያቆኑ የየት ሰው ነው?"

"የደምቢያ። አጥናፉ ነው ስሙ።"

"ደምቢያዎች ትከሻ አላቸው" አሉ፤ ከጢማቸው ሥር ፈገግታ አለፈ። "ልጅቱስ?"

"ኦሽራት።"

"ኦሽራት... ኦሽራት..." ስሙን ልጅ ፊደል እንደሚያጠና ደጋገሙት። "እላይ ስንደርስ ሁሉንም በየስማቸው በጸሎት አነሣቸዋለሁ። እነዚያን ሁለቱን ስማቸውን አለመጠየቅሽ ግን ጥፋት ነው።"

"ሄዱብኝ እኮ፣ አባዬ።"

"እንግዲያው እሱ ያውቃቸዋል።" በአገጫቸው ወደ ባልዲው ጠቆሙ። "ይሄን አንቺ ታውቂበታለሽ። የምትነጂው አንቺ ነሽ።"

ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ዘረጉላት። ልቅናሽ ከባልዲው በጣሳ ጨልፋ በእጃቸው ላይ አፈሰሰች፤ ቀጥላ የራሷን እጅ ታጠበች። አባቷን በሁለት ክንዷ አቅፋ አንሥታ ከፊት ወንበር አስቀመጠቻቸው፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን አጥፋ ከኋላ አስገባች። ከዚያ ተመልሳ የተረፈውን ውሃ አየችው፤ መኪናዋ ላይ ግን አልረጨችውም። የኮፈኑን ጫፍ በነጠላዋ ጥለት ጠረገች። ባልዲውን አንሥታ መግቢያው አጠገብ ካለችው የሎሚ ተክል ሥር ደፋችውና ገልብጣ አስቀመጠችው።