የኋላ ማርሽ

ልጆቼ፣ ያቺን ባለሦስት ጎማ የስፖርት መኪናዬን እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የማያት። ጣሪያ የላትም፣ የፊት መስታወት የላትም፣ የኋላ ማርሽም የላትም። ስለዚህ ከግቢ ስንወጣ ባለቤቴ ወርዳ ወደ ኋላ ትገፋታለች።

አንድ ቀን ሰለቻትና፣ «እኔ ሚስትህ እንጂ ማርሽህ አይደለሁም። ወይ ራሷ ወደ ኋላ ትሂድ፣ ወይ ብቻህን ንዳት» አለችኝ። ያለ እሷ መንዳት ደግሞ ምን ያደርግልኛል?

ሳምንት ሙሉ መኪናዋ ሥር ተኝቼ የኋላ ማርሽ ገጠምኩላት። ለካስ ገልብጬው ኖሯል፤ አምስቱ ማርሽ ወደ ኋላ፣ እንደ ኤሊ የሚሳበው አንዱ ብቻ ወደ ፊት ሆነ። የባለቤቴ እህት ቤት እስክንደርስ መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ ሄድን፤ እኔ አንገቴ ተጣሞ፣ እሷ እጇን አጣጥፋ።

እህቷ በር ላይ ቆማ፣ «ምነው ጀርባ ሰጥታችሁኝ መጣችሁ፣ ተጣላን እንዴ?» አለች።

አንገቴን እያሸሁ፣ «ነገ አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

ባለቤቴ ግን ፀጉሯን ዳሰሰች፤ አንዲት ዘለላ አልተነሳችም። «ምኑን ነው የምታስተካክለው? ነፋስ ፊቴን ሳይገርፈኝ የደረስኩት ዛሬ ገና ነው» አለች።

ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነን። ከመኪናዋ ከወረድን በኋላ ወደ ፊት መመለስ ያቃተው አንገቴ ብቻ ነው።