ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ

የኮምፒውተር ሞዴሌ ድኩላ የመኪና መንገድ ይወዳል ብሎ ድርቅ አለ።

ሥራዬ አውሬ የት ሊኖር እንደሚችል በካርታ ማሳየት ነው። የጫካ ጠባቂ ድኩላ ያየበትን ቦታ ይመዘግባል፤ እኔ ዝናቡን፣ ቁልቁለቱንና የዛፉን ብዛት ጨምሬ ለኮምፒውተሩ እሰጣለሁ። እሱ የሚመቸውን ቦታ አረንጓዴ፣ የማይመቸውን ቀይ ቀብቶ ይመልስልኛል። ጥቅጥቅ ያለ ደን ያለበት የታችኛው ሸለቆ ቀይ ሆኖ ወጣ። ቀይ ከሆነ ደግሞ ዓርብ ለድንጋይ ካባ ይሰጣል።

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ድኩላ ታየባቸው የተባሉትን ከሁለት መቶ በላይ ነጥቦች አንድ በአንድ አየሁ። የሦስት ዓመት ምዝገባ ነው፤ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ የራቀ አንድም የለም። መዝጋቢው አባቴ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄድኩ። እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ስትመዘግብ ከመኪና ትወርዳለህ?»

ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ድሮ ነበር የምወርደው።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«መራመድ የማይችል ጠባቂ ምን ያደርግላቸዋል? ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ነው የቀረኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድኩላዎቹ ግን ታች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሲጮኹ እሰማለሁ። ቅጹ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አይጠይቅም።»

ተናደድኩበት፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው። ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ካርታው ስህተት አለበት አልኩ።

«ስህተቱ የማን ነው?» አሉኝ። «የነጥቦቹ ከሆነ ካርታው ይሰረዛል፤ መዝጋቢው ግን ይሰናበታል። ያንቺ ከሆነ ደግሞ በዚያው ነጥብ ሌላ ባለሙያ ይሥራው።»

በዚያው ነጥብ ማንም ቢሠራው ሸለቆው ቀይ ነው። ወዲህ አባቴ፣ ወዲያ ሸለቆው፤ መላወሻ አጣሁ።

ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«መዝግቢ» አለኝ። «ሦስት ድኩላ። አንዷ ግልገል አስከትላለች።»

«የት ሆነህ ነው?»

«ሸለቆው ውስጥ ነዋ። ጎህ ሲቀድ ነው የወረድኩት።» የቦታውን ቁጥር ከቦታ ጠቋሚ መሣሪያው አነበበልኝ፤ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

«በቃ፣ አሁን ቀስ ብለህ ውጣ።»

«መውጣቱ እንኳ አልሆነልኝም። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል።»

መዳፌን አየሁት። አንዲት ነጥብ ሁለት መቶውን አትረታም፤ መኪናም እዚያ ድረስ አይገባም። አለቃዬ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ መልሴን ይጠብቃሉ።

«የነጥቦቹ ነው» አልኳቸው። «አባቴን ተሸክመው የሚያወጡ አራት ሰዎች ይስጡኝ።»