ረቡዕ ዳቦ ሊገዛ የወጣው ሰው

ኮሮና ገብቶ ባንኩ ሠራተኞቹን በየቤታቸው ከበተነ ወዲህ፣ ያሪኤላና ዶን ፕሉታርኮ የሚገናኙት በስልክ ጽሑፍ ብቻ ሆነ። ፓናማ ሲቲ ውስጥ ባለው በዚያ ትንሽ ባንክ ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠርተዋል። የደንበኛ ገንዘብ ወደ ሌላ ሒሳብ ሲዛወር እሳቸው ይመዘግባሉ፣ እሷ ታጸድቃለች፤ ሁለት ሰው ካልተስማማበት ምንም አይወጣም። ድሮ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ "ደህና አድርገሽ እዪው፣ ልጄ፤ በኋላ ሽማግሌው አሳሳተኝ እንዳትዪ!" ይሏት ነበር። አሁን "ላክሁ፣ እዪው" የሚል መስመር ይመጣላታል፤ እሷም የእናቷን ሾርባ እያማሰለች ማጽደቂያውን ትጫናለች።

ባንኩ በቪዲዮ ሲሰበስባቸው እንኳ ዶን ፕሉታርኮ ካሜራቸውን ካጠፉ ሰንብተዋል። መስመሩ ደካማ ነው ብለዋታል። የማንስ ደህና ነበር?

አንድ ረቡዕ ጠዋት ከባድ ዝውውር መጣ። የቺሪኪ ክፍለ ሀገር መምህራን ቁጠባ ማኅበር ያጠራቀመው ሁሉ፣ እሷ ስሙን እንኳ ሰምታ ወደማታውቀው ኩባንያ እንዲተላለፍ የሚል። ያሪኤላ ማማሰያዋን አስቀመጠች።

"ዶን ፕሉታርኮ፣ ይኼ ነገር የማኅበሩ ደብዳቤ አለው?" ብላ ጻፈች።

መልሱ ዘገየ።

"ይቅርታ ልጄ፣ ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነው። ደብዳቤው እኔ ጋ አለ፣ አጽድቂው። የእናትሽ ስኳርስ እንዴት ነው?"

ደግማ አነበበችው። በወረርሽኙ ደንብ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቤት መውጣት የሚፈቀደው ለሴት ብቻ ነበር። ጎረቤቷ ቆሻሻ ሊጥል ብቅ ብሎ ፖሊስ አፍሶት ጣቢያ ያደረው በሴቶች ቀን ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በአገሩ የለም፤ ዶን ፕሉታርኮ ደግሞ መኪና በሌለበት መንገድ መብራት የሚጠብቁ ሰው ናቸው።

ደወለች። አልተነሣም።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ አሳዘናት እንጂ አላስፈራትም። ታመው ይሆናል፤ ደመወዙ እንዳይቋረጥ ባለቤታቸው ዴያኒራ ተደብቀው እየሠሩላቸው ይሆናል። ዳቦውንም የገዙት ዴያኒራ ራሳቸው ይሆናሉ። ለአለቃዋ ብትናገር የታመመ ሰው እንጀራ መዝጋት ነው። ዝም ብላ ብታጸድቅ ደግሞ የመምህራኑን ጥሪት በማን ቃል ልትለቀው? ሄዳ በዓይኗ እስክታይ ዝውውሩን ይዛ ለመቆየት ወሰነች።

ሐሙስ የወንዶች ቀን ስለሆነ መውጣት አልቻለችም። ስልኳ ሲንጫጫ ዋለ።

"አጽድቂው እንጂ፣ ልጄ።"

"እርጅናው ወደ አንቺ ዞረ መሰለኝ!"

"ተቀየምሽኝ እንዴ?"

ቀልዱ የዶን ፕሉታርኮ ነበር። ወደ ኋላ ሄዳ የቆዩ መልእክቶቻቸውን ስታይ፣ ያንኑ ቀልድ ቃል በቃል በፋሲካ ሰሞን ጽፈውላት አገኘችው።

ዓርብ በመታወቂያ ቁጥሯ የተፈቀደላት የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ወጣች። ጭምብል ያጠለቁ ሴቶች በየሱቁ ደጃፍ ተራርቀው ተሰልፈዋል፤ የሚያወራ የለም። የዶን ፕሉታርኮን የብረት በር ስታንኳኳ ዴያኒራ ወጡ፤ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል።

"ያሪኤላ! እዚያው ሁኚ፣ እንዳትጠጊኝ።"

"ዶን ፕሉታርኮስ?"

"ሆስፒታል ነዋ! ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ከትተው አስተኝተውታል። ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ፤ ላየው እንኳ አልተፈቀደልኝም።"

ያሪኤላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሥራውን የሚሠሩላቸው እርስዎ ከሆኑ አይፍሩ። ከእኔ አይወጣም።"

"የምን ሥራ?" ዴያኒራ ትክ ብለው አዩዋት። "እኔ ያንን ዕቃ ማብራትም አላውቅ! የምትሠሩለት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?"

"እኛ?"

"በታመመ ማግስት ከባንኩ አንድ ሰው ደወለ። 'ኮምፒውተሩን አያጥፉት፣ ከዚህ ሆነን እንሸፍንላቸዋለን፣ ደመወዛቸው አይነካም፤ ለአለቃውም እኔ እነግራለሁ' አለኝ። የይለፍ ቃሉን ከማስታወሻው ላይ አነበብኩለት። አነጋገሩ የእኛ አገር ሰው አይመስልም፣ ግን እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! በየማታው እየደወለ ስለ ባሌ ይጠይቀኛል። ከእሱ በቀር ማን ጠየቀኝ?"

ያሪኤላ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች። በተከፈተው በር በኩል፣ በጨለማው ሳሎን ውስጥ፣ የኮምፒውተሩ ስክሪን እየበራ ታያት። ማንም አጠገቡ ሳይኖር አንድ ገጽ ተዘግቶ ሌላ ተከፈተ።

"ይንቀሉት! ሶኬቱን አሁኑኑ ይንቀሉት!"

ለአለቃዋ ለሊሳንድሮ ደወለች። ወዲያው አነሣው።

"አንቺ! ተሻለሽ እንዴ?" አለ ደስ ብሎት። "አስደንግጠሽን ነበር እኮ።"

"ምን ሆኜ?"

"ዶን ፕሉታርኮ ነዋ ትናንት የጻፉልኝ። ትኩሳት ይዟት ተኝታለች፣ ስልክም አታነሣም፣ አታስጨንቋት አሉኝ። አይዞሽ፣ የመምህራኑ ነገር እንዳያሳስብሽ። ጠዋት በአንቺ ፈንታ እኔው አጸደቅሁት።"

ዴያኒራ የተነቀለውን ገመድ በእጃቸው እንደያዙ ወደ በሩ ተመለሱ።

"ምን አሉሽ?" አሉ። "ደመወዙን አልነኩበትም አይደል?"