የአራስ ቤት ቀዳዳ

ቦይለሩ እምቢ ያለው እናቴ ፈንታነሽ ልታርሰኝ ከሞጣ ወደ ቢቸና በመጣች ሰሞን ነው። ባሌ ደምለው መብራት እየጠፋ ሲያስቸግረን፣ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ገዝቶ ከመኝታ ክፍላችን ጋር በር በሚያገናኘው መታጠቢያ ቤት አሰቅሎልኛል። ቧንቧው ሲከፈት ራሱ ይለኮሳል፤ ሲዘጋ ራሱ ይጠፋል። አሁን ግን ለጥቂት ጊዜ ይነድና እልም ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቢለምኑትም አይለኮስ።

እማዬ ለብርድ ምሕረት የላትም። ታላቅ እህቴ ስሜነሽ እማዬ ቤት አራስ ሆና ተኝታ ሳለ አንድ ጠዋት ሳትነቃ ቀረች። ሕፃኑም አብሯት ሄደ። "ምች ነው" ተባለና ተቀበሩ። እማዬ ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ አይታ አታልፍም። እኔም ቤት እንደገባች ገና ጫማዋን ሳታወልቅ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ መወተፍ ጀመረች። አራስ ነብር ይሉናል እንጂ እኔ ምን አቅም ነበረኝ፤ ተኝቼ አየኋት።

ደምለው የቦይለሩን ባትሪ ቀየረ። ሲሊንደሩንም ቀየረ። ደጋግሞ ለኮሰው፤ ደጋግሞ ጠፋ። እኔ ደግሞ ራሴን ይፈልጠኝ፣ ያጥወለውለኝ ጀመር። ልጄም ጡት ይዞ ቶሎ ያንቀላፋብኛል።

"አላልኩም? ብርድ እየገባ ነው" አለች እማዬ፤ ሌላ ጨርቅ ፍለጋም ሄደች።

በመጨረሻ ደምለው ፒንሳ ይዞ መጣ። "የሚያጠፋው ሴንሰር የሚሉት ነገር ነው። ሁለቱን ሽቦ ካገናኘኋቸው መጥፋቱን ይተዋል ይላሉ።"

"አገናኘውና ልጄ በሙቅ ውኃ ትታጠብ፤ ምን ትጠብቃለህ?" አለችው እማዬ።

ደግነቱ ባሌ ሽቦ ከሽቦ የሚለይ ሰው አይደለም። የትኞቹ እንደሆኑ ሊጠይቅ ቦይለሩን ወደ ሰቀለው ወደ ያየህ ደወለ፤ ሁለት እጁ ሥራ ይዟልና ስልኩን አልጋዬ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"አንዱንም እንዳትነካ" አለ ያየህ። "ሴንሰሩ የሚያጠፋው የተቃጠለው አየር መውጫ ሲያጣ ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚወጣውን ቱቦ እየው። ያ አየር ሽታ የለውም፤ ሰውን በተኛበት ነው የሚወስድ።"

ደምለው ወጥቶ ሲመለስ የጠቆረ ጨርቅ ይዟል። የእማዬ የአሮጌ ቀሚሷ ቁራጭ ነው። ወንበር ላይ ወጥታ ቱቦውን ወትፋዋለች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ደግሞ የፈራችውን በገዛ እጇ ስታስገባብኝ ሰነበተች። ተናደድኩ፤ ልጄን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ።

ከዚያ ፊቷን አየሁና ንዴቴ ወዴት እንደገባ እንጃ። ጨርቁን እያየች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"የትናየት" አለችኝ፤ "ስሜነሽ የተኛችበት ክፍል ውስጥ ከሰል ይነድ ነበር። እንዲሞቃቸው ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሩንም መስኮቱንም የወተፍኩት እኔ ነኝ።"

ደምለው አንገቱን ደፋ። ያየህ ያለውን ሁላችንም ሰምተናል።

"ስሜነሽን የገደላት ምች ነው፣ እማዬ" አልኳት። በዕድሜዬ እንደዚያ አጥብቄ ዋሽቼ አላውቅም። "ሁሉም ያን ጊዜ ምች ነው ብሏል።"

እማዬ ተነሥታ መስኮቱ ላይ የወተፈችውን ጨርቅ አንድ በአንድ እየነቀለች ጣለችው፤ መስኮቱንም ከፈተችው። የቢቸና ነፋስ ክፍሉን ሞላው። ልጄ አነጠሰ።

ይማርህ ብላ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ልታለብሰው ዘረጋች። ከእግሩ ጀምራ ሸፈነችው፤ አገጩ ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ።

"ይተንፍስ" አለች።