እስኪያመው ድረስ

ባለጋሪው ከተቀበረ ወዲህ ሚስቱ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። ጎረቤቶቿ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እያሉ አምተዋታል። ሰምታለች፤ አልከፋትም፤ አልቆጫትም። በረቱን ትጠርጋለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ባሏ የተወላትን ዳማ ፈረስ ታበላለች።

አሁን ደግሞ ዳማው ግራ የፊት እግሩን መርገጥ አቃተው። የከብት ሐኪሙ በማለዳ መጥቶ ሰኮናውን በትልቅ ጉጠት ዙሪያውን እየቆነጠጠ ፈተሸ። ፈረሱ ንቅንቅ አላለም።

«መግል ቢይዝ ኖሮ ይኼኔ ዘሎ ጣራ ይነካ ነበር» አለ ሐኪሙ። «እንግዲህ ከላይ አጥንቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ከሚሰቃይ ብናሳርፈው ይሻላል።» መርፌውን ሊያወጣ ቦርሳውን ከፈተ።

እሷ ጎንበስ ብላ የእጇን ጀርባ በቀኝ ሰኮናው ላይ አሳረፈች፤ ቀዝቃዛ ነው። ግራው ይፋጃል። ቀና ስትል ፈረሱ ገለባውን ተረጋግቶ ያላምጣል። ወደ ዋርሳዋ፣ ወደ ሟቹ ታናሽ ወንድም ዞረች።

«ምን ሰጠኸው?»

«ምን እሰጠዋለሁ? ገለባ፣ ውሃ፣ ምክር።»

«ትናንት እህል አልቀመሰም። ዛሬ ይበላል።»

ዋርሳዋ አንገቱን ደፋ። «ያ አምና የተረፈው የማስታገሻ ዱቄት... እጥፍ አድርጌ በፉርሽካ ለወስኩለት። ሲያቃስት አላስችል አለኝ፣ እትዬ። ወንድሜም እንዲሁ ሲያቃስት ነው የሄደው።»

«አንተ ሰውዬ፣ በደግነትህ ልታስገድለው ነበር!» አለ ሐኪሙ። «የደነዘዘ እግር ቢቆነጥጡት ምን ብሎ ይመልሳል? ማስታገሻው እስኪለቀው እንጠብቅ። ከሰዓት እመለሳለሁ። ያኔም ዝም ካለ ግን መርፌው ነው።»

«እስኪያመው ቁጭ ብለን ልናየው?» ዋርሳዋ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ አንጀት የለሽም?»

«ይመመው» አለች።

ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ፈረሱ መጀመሪያ ማላመጡን ተወ። ቀጥሎ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተኙ፤ አንገቱ ላብ አወጣ፤ ግራ እግሩን አንጠልጥሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዋርሳዋ ማየት አቅቶት ከግቢው ወጣ። እሷ ከፈረሱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ሊሰማት የሚገባውን ነገር ታውቀዋለች፤ ስትፈልገው ግን የለም።

ሐኪሙ ዋርሳዋን አስከትሎ ተመለሰና ጉጠቱን ያዘ። ተረከዙ ጋ ምንም። በውስጥ በኩል ምንም። በውጭ በኩል፣ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ፈረሱ እግሩን መንጭቆ ሐኪሙን ፋንድያው ላይ ዘረረው።

«እሰይ!» አለ ሐኪሙ፣ እንደተዘረረ።

በጠማማ ቢላው ከሰኮናው ሥር አንዲት ጥቁር መስመር ተከትሎ በስሱ ፈቀፈቀ። መስመሯ ጠልቃ ጠልቃ ድንገት ተከፈተች፤ ውሃ የመሰለ አመድማ መግል ተፈናጠረ፤ ሽታው ሦስቱንም አፍንጫቸውን አስያዛቸው። ፈረሱ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ትንሽ ቆይቶ እግሩን ወደ መሬት አወረደ፤ አነሳ፤ ደግሞ አወረደና ክብደቱን ጣለበት።

ሐኪሙ መርፌውን ሳይነካ ቦርሳውን ዘጋ። «በሞቀ የጨው ውሃ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ጠቅልሉት።»

እሷ ሰኮናውን ባልዲው ውስጥ ይዛ ተንበረከከች። ዋርሳዋ ከግቢው ደጃፍ ከተመለሰ ጀምሮ እንባው ባገጩ ይወርዳል።

«ዳነልሽ እኮ፣ እትዬ! ደስ አላለሽም?»

ውሃውን በእጇ አማሰለች።

«እንጃ» አለች። «ጨው ጨምርበት።»