ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው እህቴ

የገበያ ሞሉ ሲሠራ ሳቅሁበት። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ።

እኔና እህቴ ፀጉር ሠሪዎች ነን። ሙያውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እናታችን ቤት፣ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት፣ ሁለት መስታወትና ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ይዘን እንሠራ ነበር። ካስኮቹ ከማርጀታቸው የተነሳ ሲሞቁ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታሉ። እሷን ቤተሰቡ በሙሉ "ጩጬ" ነው የሚላት፤ ሠላሳ ዓመት አልፏት እንኳን ስሙ አለቀቃትም። እኔ በስድስት ዓመት እበልጣታለሁ፤ "እትዬ" ትለኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ጠፍቶ ዝንብ ስናባርር፣ ወረቀት ይዛ መጣች። ከከተማው ጫፍ፣ አውቶቡሱ ዞሮ ከሚመለስበት ሜዳ ላይ ስለሚሠራው ሞል ነበር።

"እትዬ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሱቅ እንያዝ። አብረን።"

"እዚያ ሜዳ ላይ? ማንን ልትሠሪ ነው፣ ቁራዎቹን?"

"ሰፈር እየሆነ ነው እኮ። አፓርታማዎቹን አላየሽም?"

"አይቻለሁ። መስኮት እንኳን የላቸውም። ሰው የሚያውቀኝን በር ዘግቼ ሜዳ ለሜዳ አልንከራተትም።"

ሁለት ጊዜ ለመነችኝ። ሦስተኛ አልለመነችኝም። ማበጠሪያዎቿን በፎጣ ጠቅልላ ብቻዋን ሄደች። ለእናቴ "ትመለሳለች" አልኳት። እናቴም "እንግዲህ" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሞሉ በተከፈተ ሰሞን ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጣሪያው በሙሉ መስታወት ነው። መሐሉ ላይ ፏፏቴ አለ። ከምድር ቤት ተነስቶ ራሱ የሚሄድ ደረጃ ደግሞ ሰውን እንደ ዕቃ ጭኖ ያወጣል፣ በጎኑም ያወርዳል። ትልልቅ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የማያውቁትን ሰው ክንድ ጨምድደው ይወጣሉ። ላይ ሲደርሱ በራሳቸው ይስቁና እንደገና ሊወጡ ይወርዳሉ። ደረጃው የት ነው የሚያደርሳቸው? እህቴ በር ላይ።

እናቴ ጎትታ አንድ ቀን ወሰደችኝ። ስድስት መስታወት፣ ስድስት ቀይ ወንበር፣ ሲሠራ ድምፁ የማይሰማ ካስክ። ሦስት ልጃገረዶች ቀጥራለች፤ ሁሉም "እማማ ቁጭ ይበሉ፣ እትዬ ቁጭ በይ" ይሉናል። አምስቱ ወንበር ሰው ሞልቶበታል። ስድስተኛው ባዶ ነው፤ ማንም አይሠራበትም።

"ይሄ የማን ነው?" አልኳት።

"ያንቺ ነዋ" አለች ጩጬ እየሳቀች። "በፈለግሽ ቀን ነይ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ያቅፋት ነበር። እኔ ግን "ከዕቃ ጋር አትቁጠሪኝ" አልኳትና ወጣሁ። በዚያ በሚሄድ ደረጃ ላይ ቆሜ ስወርድ፣ እግሬን ሳላነሳ ከእሷ እየራቅሁ፣ ቆሽቴ ሲያር ይታወቀኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ጠፉ። ተጣልተውኝ አይደለም። "ልጆቹን ፏፏቴ ለማሳየት ወጥቼ እግረ መንገዴን ተሠራሁ" ይላሉ። ከሁሉ ያቃጠለችኝ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ነበረች። ሁለት ቅዳሜ ቀረች፣ አሟት ነው ብዬ ልጠይቃት ወደ መድኃኒት ቤቷ ሄድኩ። መድኃኒት ልታወርድ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትንጠራራ ማጅራቷን አየሁ። ማጅራቷ ላይ ፀጉሯ ወደ ውስጥ ተጠቅሎ፣ ጫፉ በአንዲት ስፒል ብቻ ተይዟል። ያንን አጠቀላለል በዚህ ከተማ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። እኔ አልሠራኋትም።

"አላመመሽም ለካ" አልኳት።

"ኧረ ደህና ነኝ። ምነው?"

"ምንም። የራስ ምታት ኪኒን ስጪኝ።" እውነትም ራሴን ያመኝ ጀምሮ ነበር።

እቤት ስገባ ደግሞ እናቴ አለች። እሑድ እሑድ ሞሉ ጋ ትውልና ማታ ራት ላይ ትተርክልኛለች። ጩጬ እንዲህ አለች፣ ጩጬ አዲስ ቀለም አስመጣች፣ ጩጬን አንድ ባለሥልጣን ሚስቱን ይዞ መጥቶ አመሰገናት። ጥርሴን ነክሼ "ጎሽ" እላለሁ። አፌ "ጎሽ" ሲል ሆዴ "ምነው ባፈረሰው" ይላል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ብዙ ጊዜ ብሏል።

ሞሉ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት አንዲት ጥሩ የለበሱ ሴት በሬ ላይ ቆሙ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ሙሽራዋና ስምንት ሚዜዎች አሉ።

"እህትሽን ነው የምፈልገው" አሉኝ። "ሞሉ ውስጥ የምትሠራውን። ስልኳ ጠፋብኝ፤ እህቷ ፌርማታው ጋ አለች ሲሉኝ መጣሁ።"

ስልኳን በቃሌ አውቀዋለሁ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

"እሷ እንኳን ሥራውን ትታዋለች።"

"ውይ! ምን ሆና?"

"እንዲሁ። ደከማት። ግን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ካላስከፋዎት እኔ እሠራልዎታለሁ።"

ሙሽራዋን ሠራኋት። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁትም የለም። ስምንቱ ሚዜዎች መስታወቱ ፊት እየተጋፉ ሲያመሰግኑኝ፣ እኔ ግን በሩን በሩን አይ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ጩጬ መጣች።

"እትዬ፣ ትልቅ ሠርግ ሠራሽ አሉ!"

"ማን አለ?" አልኩ፤ ፎጣ ማጠፍ ጀመርኩ።

"ሰው ነዋ። ሁሉም የሚያወራው ስለሙሽራዋ ፀጉር ነው። ደስ አለኝ።" ጉንጬን ሳመችኝ። ዓይኖቿን ግን ለማየት አልደፈርኩም፤ አይቻቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ነገር ይገባኝ ነበር።

ሞሉ የወደቀው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ አዲሱ አውራ ጎዳና በከተማው ሌላ በኩል ወጣ፤ አውቶቡሱም መስመሩን ቀየረ። በዚያው በኩል ከእሱ የሚበልጥ ሌላ ሞል ተሠራ፣ ከነሲኒማ ቤቱ። ምድር ቤት የነበረው ትልቁ ሱፐርማርኬት ዕቃውን ጭኖ ወደዚያ ሄደ። እሱ ሲሄድ የጫማውም፣ የሽቶውም፣ የስልኩም ሱቅ ተከተለው። ወሬውን ደንበኞቼ እየተሠሩ ያመጡልኛል። "ፏፏቴው ደረቀ።" "የሚሄደው ደረጃ ቆመ፣ የሚጠግነውም ጠፋ።" "ጣሪያው ያፈሳል፣ ባልዲ ደርድረውበታል።" በእያንዳንዱ ወሬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዝናብ ሲመጣ መስኮት ላይ ቆሜ "አሁን ስንት ባልዲ ሞልቶ ይሆን?" እል ነበር።

የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮም ቅዳሜዋን ይዛ ተመለሰች። "እዚያ እኮ ሰው የለም፣ ያስፈራል" አለችኝ። የእህቴ ሦስት ልጃገረዶችም አንድ በአንድ ሄዱ። ጩጬ ግን አልተመለሰችም። ለእናቴም አላማረረችም። ይሄም አናደደኝ፤ ወድቃም ወደ እኔ አትወድቅም?

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ላያት ወሰንኩ። ላጽናናት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግን የሚያጽናና ሰው አዲስ ቀሚስ ለብሶ፣ ፀጉሩን ለአንድ ሰዓት ሠርቶ አይሄድም። እናቴ በጠዋት "ክሊኒክ ነኝ፣ ጉልበቴን ልታይ" ብላ ወጥታለች።

ሞሉ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል።

"ፀጉር ቤት ነው?" አሉኝ ሳልናገር።

"በምን አወቁ?"

"ሌላ ምን አለ?"

ውስጡ እንደተወራው ነበር። ባልዲዎቹ አሉ። ከፏፏቴው የቀረው ሲሚንቶውና የዛገው ቧንቧ ነው። በሱቆቹ ላይ ስማቸው ተነቅሎ የፊደሉ ጥላ ብቻ ቀርቷል። በቆመው ደረጃ በእግሬ ወጣሁ፤ እርከኑ ከተራ ደረጃ ከፍ ይላል፣ ግማሽ ላይ ስደርስ አለከለክሁ። ትንፋሼን ስሰበስብ ከላይ ሳቅ ሰማሁ። የብዙ ሰው ሳቅ ነው።

እህቴ በር ላይ ቆሜ አየሁ። የሕንፃው አስተዳደር የባዶዎቹን ኮሪደሮች መብራት ሲቆርጥ፣ የቀሩት ሱቆች እሷ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተዋል። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን መስኮቱ ሥር አድርጋለች። የልጆች ጫማ ሻጯ ካርቶኖቿን ግድግዳው ሥር ደርድራለች። እናቴ ካስክ ሥር ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን የጫማ ካርቶን ላይ ሰቅላለች። ስድስተኛው ወንበር ላይ፣ የኔ በተባለው ላይ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ የሰካ ሰዓት ጠጋኝ ተቀምጧል።

"ክሊኒክ አልነበርሽም?" አልኳት እናቴን።

"ይኸው ክሊኒኩ!" አለች፤ ሁሉም እንደገና ሳቀ። "ሐኪሟ ደግሞ ጥሩ ናት፣ ጉልበቴን ረሳሁት።"

ወንበር አመጡልኝ። ከምሳቸው አካፈሉኝ። ዘበኛው ሽማግሌ ወጥተው ፀጉራቸውን ታጠቡ፤ እያንዳንዷን ቀልድ ሁሉም ያውቃታል፣ እኔ ብቻ ነኝ "ምን ማለት ነው?" እያልኩ የምጠይቀው። ደንበኞቼን አሰብኩ፤ ሁለት ሁለት ሆነው የሚጠብቁኝን። አንዳቸውም እንኳ በሥራ ቀን እኔ ቤት ተቀምጠው ለመዋል እናታቸውን አይዋሹም። ሞሉ ሲሞላ ቀንቼባት ነበር፤ ባዶ ሲሆን የባሰ ቀናሁባት።

ልወጣ ስል እስከ ደረጃው አፍ ሸኘችኝ። የመደገፊያውን ብረት ተደግፈን ባልዲዎቹን ቁልቁል እያየን፣ "በወሩ መጨረሻ ይዘጋል" አለችኝ። "ሕንፃው መጋዘን ሊሆን ነው።"

"እኔ ጋ ነይ" ልላት ነበር። በምትኩ ሌላው ወጣ።

"ጩጬ፣ ያቺን ሙሽራ ሰረቅሁሽ። እናቷ አንቺን ብለው ነው የመጡት። ሥራ ትታለች አልኳቸው።"

ዓይኗን ከባልዲዎቹ ላይ አላነሳችም።

"አውቃለሁ" አለች። "ሴትዮዋ ራሳቸው እዚሁ መጥተው ነገሩኝ። ሥራ ላይ ሲያገኙኝ አፈሩ።"

"መቼ?"

"በሠርጉ ማግስት።"

"ታዲያ መጥተሽ ሳምሽኝ?"

"የዚያን ቀን ትነግሪኛለሽ ብዬ ነዋ የመጣሁት!" ድምጿ ባዶው ሞል ውስጥ አስተጋባ፤ ጩጬ ጮኻብኝ አታውቅም። "ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ አራት ዓመት። ይቅርታሽን ተሸክሜው ስዞር ኖርኩ፣ የሚቀበለኝ ጠፍቶ። አሁን ደክሞኛል። ሂጂ፣ እትዬ።"

ሄድኩ።

በወሩ መጨረሻ ሳትጠራኝ ወደ ሞሉ ሄድኩ፤ ቀሚስ ሳይሆን ሽርጥ ለብሼ። ቀና ብላ አየችኝና የትልቁን መስታወት አንዱን ጫፍ አሳየችኝ። ሁለታችን ይዘነው በቆመው ደረጃ ወረድን። "ቀስ።" "ወደ ግራ።" "እግርሽን እይ።" ትዕዛዙ ሁሉ የእሷ ነበር። መስታወቱ ወደ እኔ ስለዞረ እስከ ታች ድረስ የራሴን ፊት እያየሁ ነበር የወረድኩት፤ ላቤ ይንጠባጠባል፣ ደስ የሚል መንገድ አልነበረም። ስድስቱንም እንዲሁ አወረድን። ከስድስተኛው በኋላ ውኃ ሰጠችኝ።

"እኔ ጋ ቦታ አለ" አልኳት ያኔ።

"ቦታ አግኝተናል። አራታችንም።"

"የት?"

"ከፌርማታው ባሻገር። የድሮው የብረታ ብረት መደብር።"

"ፊት ለፊቴ?"

"ፊት ለፊትሽ" አለች፤ ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አልነቀለችም። "እዚያው ሰፈር ነው ያደግሁት፣ እኔም።"

ይኸው ዓመት ሆነን። ሰላም እንባባላለን፣ በዓመት በዓሉ እናታችን ጋ አብረን እንበላለን፣ የቀለም ሳጥን ሲያልቅብኝ ትልክልኛለች። እንደ ድሮው ግን አይደለንም፤ "እትዬ" ስትለኝ ከቃሉ ውስጥ አንዲት ነገር ጎድላለች፣ መቼ እንደምትመልሳትም አልጠየቅኋትም። ደንበኛው ተከፋፍሏል፤ የእሷ እሷ ጋ፣ የኔ እኔ ጋ። ቅናቱም አለ። እንደ ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ሲመጣ ይነሳል።

ባለፈው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ ያ ሳቅ ተሰማ፤ የሰዓት ጠጋኙ፣ የልብስ ሰፊዋ፣ የእናቴም አለበት። ካስኩን አጥፍቼ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ደንበኛዬ፣ ራሷ እንደረጠበ፣ "ምነው አጠፋሽው?" አለችኝ። ፎጣ አለበስኳትና "መጣሁ" ብዬ መንገዱን ተሻገርኩ። በሩ ላይ ስቆም ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ምን ሆናችሁ ነው የምትስቁት?" አልኳቸው።

ሰዓት ጠጋኙ ወደ ጩጬ አየ። ጩጬ ወንበር ሳበችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ። ልብስ ሰፊዋ የአንዱን ሱሪ እግሮች አንድ ላይ ሰፍታቸው፣ ሰውየው እዚያው ሊለካ ሲል ወድቋል። ይኼው ነው። ይህን ያህል የሚያስቅ አልነበረም። እኔ ግን ሳቅሁ።